«ከሥራ ገበታዎ ስለቀሩ»፦ የሐዋሳዋ ነገረ ፈጅ ጉዳይ

ጉዳዩ የተፈጠረው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ፋብሪካ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እስያ ነው። ስሙን አልጽፍም። የነገረ ፈጇንም ስም አልጽፍም፤ ጻፈው ያለችኝ በዚህ ስምምነት ነው። ማንነት የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ በግሌ ጥብቅና እሠራለሁ። እሷ ቅጥር ናት። ከውጭ ለሚያየን ሁለታችንም ያንኑ ሕግ ያነበብን፣ እዚያው ችሎት የምንቆም ሰዎች ነን። ግን እኔ ደንበኛው ካላማረኝ ፋይሉን መልሼ በሰላም እሸኘዋለሁ። እሷ ያላት ደንበኛ አንድ ነው። እሱም አለቃዋ ነው፣ ደመወዟንም የሚፈርመው እሱ ነው፣ «ይህ ሕገ ወጥ ነው» ብላ የምትጽፈውም ለእሱው ነው። ስለ ድርጅት ነገረ ፈጆች ችግር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአዋጅ ብዛትና የመመሪያ መለዋወጥ ነው። እሱም አለ፣ አልክድም። ይህን ጉዳይ ሳየው ግን የባሰው ችግር ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ ነገረ ፈጅ የሚጠራው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ፊርማና ቲተር እንዲያሳርፍ ብቻ መሆኑ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ያስወጣችው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ከሐዋሳ የሚወጣ ቲሸርት አሜሪካ ያለቀረጥ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥጡ 16.5 በመቶ፣ የፖሊስተሩ 32 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበት ጀመር። በልብስ ንግድ ገዢ የሚከራከረው በሳንቲም ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ አይከራከርም፣ ትዕዛዙን ይዞ ሌላ አገር ይሄዳል። አውሮፓ እስካሁንም ያለቀረጥ ታስገባለች፤ ፋብሪካው ግን ብዙውን ይሸጥ የነበረው ለአሜሪካ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተወሰኑ ላይኖች ሥራ ፈቱ። ላይን የምለው ተከታትለው ተቀምጠው አንድ ልብስ የሚጨርሱ የስፌት ኦፕሬተሮችን ነው፤ አንዷ አንገት ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ትዕዛዝ ሲጠፋ ላይኑ በሙሉ ይቆማል። ሱፐርቫይዘሮቹ ልጆቹን ሰብስበው «ስልክ እስክንደውል ቤታችሁ ቆዩ» አሏቸው። በቃል። ወረቀት የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ልጆቹም ሄዱ። ከፊሎቹ የቤት ኪራይ እየቆጠረባቸው እዚህ ከሚቀመጡ ብለው ወደየገጠራቸው፣ ወደ ቤተሰብ ገቡ።

በር ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ጠዋት ጣቷን ያላሳረፈች ልጅ በእሱ ዘንድ «ቀሪ» ናት።

ፎልደሩ

አንድ ዓርብ ከሰዓት የሰው ሀብት ኃላፊው ወፍራም ፎልደር ይዞ ነገረ ፈጇ ቢሮ ገባ። «እቺን ዛሬ ጨርሺልኝ፣ ሰኞ መውጣት አለበት» አላት። ውስጡ የስንብት ደብዳቤ ነው። ስምና የመታወቂያ ቁጥር ብቻ የሚለያይ፣ የተቀረው ቃል በቃል አንድ፦ ያለ በቂ ምክንያት ከአምስት የሥራ ቀናት በላይ ከሥራ ገበታዎ ስለቀሩ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት የሥራ ውልዎ ያለማስጠንቀቂያ ተቋርጧል።

የዋናው መሥሪያ ቤት ሲስተም «ሕግ ክፍል አይቶታል» የሚለው ሳጥን ካልተነካ ፋይሉን አያሳልፍም። እሷ የተፈለገችው ለዚያች ሳጥን ነው።

አንቀጽ 27 የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት የሥራ ቀናት የቀረ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ግን ስለመቅረቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ከሆነ ነው። አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ መብቱ ይቀርበታል። ፎልደሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሁሉንም ያሟላ ነበር። የቀሪ ዝርዝር አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ፣ የምስክር ፊርማ አለ።

እሷ ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። የአቴንዳንሱን ኤክሴል ከአይቲ አስመጣችና በላይንና በቀን ደረደረችው። የአንድ ላይን ልጆች በሙሉ መቅረት የጀመሩት በአንድ ቀን ሆነው ተገኙ። የሌላኛው ላይንም እንደዚሁ፣ በራሱ ቀን። ከዚያ የምርት ክፍሉን የሳምንት ዕቅድ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው፤ በእነዚያ ቀናት ለእነዚያ ላይኖች የተመደበ ሥራ ዜሮ ነው። ላይን ሙሉ ሰው በአንድ ቀን አይታመምም፣ በአንድ ቀንም ልቅሶ አይደርስም።

ማስጠንቀቂያዎቹን ደግሞ አየች። ሁሉም የተጻፉት በአንድ ቀን ነው። ሁሉም ላይ «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም» ተብሎ ሁለት ምስክር ፈርሟል፤ ሁለቱም የሰው ሀብት ክፍል ጸሐፊዎች ናቸው። ከእምቢተኞቹ አንዷ ማስጠንቀቂያው ተጻፈ በተባለበት ቀን በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ፈቃዱን የፈረመው ራሱ የሰው ሀብት ኃላፊው ነው።

«እነዚህ ልጆች ቀርተው ነው ወይስ አትምጡ ተብለው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ሲስተሙ እኮ ነው ቀሪ የሚለው።»

«እቤት ቆዩ ያላቸው ማነው ታዲያ?»

«እሱ የምርት ክፍል ጉዳይ ነው፣ እኔ ጋ የመጣ ወረቀት የለም።»

ሰውየውን ልኮንነው አልፈልግም። ከላይ የመጣለት ትእዛዝ ሠራተኛ ይቀነስ፣ ወጪ አይኑር የሚል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ መንገድ ሕጉ ውስጥ ሲያጣ አንዱን ሠራ። አለቆቹም እንዴት ብለው አልጠየቁትም።

አዋጁ ስለዚህ ነገር የሚለው ግልጽ ነው። ሠራተኛ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በጥሬ ዕቃ መቋረጥ ወይም በእሱ ባልመጣ ሌላ ምክንያት ሥራ ካላገኘ፣ የአንቀጽ 54 ነገር ነው፣ ደመወዙ ይከፈለዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሊባረሩ ቀርቶ ውዝፍ ደመወዝ አላቸው። ነገረ ፈጇ ያን ዕለት ሳጥኗን ሳትነካ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሒሳቡ

ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረበችው ትንታኔ በአንቀጽ አልጀመረም፣ በብር ነው የጀመረው። ይህን ወድጄላታለሁ። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ፊት የኢትዮጵያን አዋጅ ብታነብለት በትሕትና ሰምቶህ ይረሳዋል። ብር ግን አይረሳም።

ለምሳሌ ሦስት ዓመት የሠራች፣ በቀን 100 ብር የሚታሰብላት አንዲት ኦፕሬተር እንውሰድ። በሕጋዊ ቅነሳ ብትወጣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አላት፣ 6,000 ብር። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው፤ ተደምሮ 5,000 ብር። በቅነሳ ስለወጣች የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርላታል፣ 6,000 ብር። ጠቅላላ 17,000።

በዚያ ፎልደር መንገድ ብትወጣስ? ካልከሰሰች ዜሮ ነው፤ ሥራ አስኪያጁን ያማለለውም ይኸው ነው። ከሰሰች እንበልና ስንብቱ ሕገ ወጥ ተባለ። የ180 ቀን ካሳ 18,000፣ የማስጠንቀቂያው 6,000፣ የስንብቱ 5,000፣ በድምሩ 29,000። ሒሳቧ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተከፈላት ደግሞ ለመዘግየቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊወሰንባቸው ይችላል፤ 9,000 ሲጨመር 38,000 ይሆናል። ወደ ሥራ ትመለስ ከተባለም በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር ውዝፍ ደመወዝ አለ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ «ገንዘብ የላቸውም፣ አይከሱም» የሚለው ስሌት አያስኬድም። አንዷ ስትከስ ላይኑ ሙሉ ይሰማል። ልጆቹ ፓርኩ ዙሪያ አንድ ግቢ ውስጥ ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፣ ወሬ ለመድረስ አንድ ምሽት ይበቃዋል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አገላብጦ «ስንቶቹ ይከሳሉ ብለሽ ትገምቻለሽ?» አላት። ጥያቄው የንግድ ሰው ጥያቄ ነው። እሷ ግን ግምት አልሰጠችውም። ግምት ብትሰጠው ኖሮ ነገ «ነገረ ፈጃችን ጥቂት ሰው ነው የሚከሰው ብላለች» ተብሎ ውሳኔው በስሟ ይወጣ ነበር።

ከእስያ የመጣው ብልሃት

ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ከዚያ የሕግ ክፍል መልስ መጣ። አዋጁን በእንግሊዝኛ አንብበውታል። አንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶውን ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። «ታዲያ አሁን ዘጠኝ በመቶ፣ ትንሽ ቆይተን ደግሞ ዘጠኝ በመቶ ብንቀንስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ምክክር ውስጥ አንገባም» የሚል ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነገረ ፈጅ ስልክ ያነሳል። በጽሑፍ ከመለሰ ጽሑፉ ይቀመጣል። እኛ አገር ደግሞ በድርጅትና በቅጥር ነገረ ፈጁ መካከል ያለው ደብዳቤ ፍርድ ቤት ሲጠራው ምን ያህል ይጠበቃል የሚለው ብዙ የሚያስተማምን ነገር አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሕግ አማካሪን በሙያው ያወቀውን ምስጢር እንዳያወጣ ያስገድደዋል፤ ይህ ግን አፉን የሚዘጋው ነው እንጂ የድርጅቱን ፋይል ካቢኔት የሚቆልፍ አይደለም።

እሷ በጽሑፍ መለሰች። መልሷ አጭር ነው፦ አንድ ውሳኔ፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ የላይኖች ዝርዝር አላችሁ፤ ለሁለት የከፈላችሁት ምክክሩን ለመሸሽ መሆኑን ደግሞ ይኸው ኢሜይላችሁ ራሱ ይናገራል። ከ10 በመቶ በታች ቢሆንስ? የትዕዛዝ መቀነስ በአንቀጽ 28 በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ነው፣ ግን ማስጠንቀቂያውም ክፍያውም አይቀርም። ብልሃቱ የሚያተርፋቸው ከጋሼ ጋር አለመቀመጥን ብቻ ነው።

ጋሼ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ የማሽን መካኒክ፤ ፋብሪካው ሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በዚሁ መሐል አንድ ቃለ ጉባኤ ይዘው ቢሮዋ መጡ። ማኅበሩና ድርጅቱ ስለ ቅነሳው ተመካከሩ ይላል። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት ነው። እንደዚያ ያለ ስብሰባ አልነበረም።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ፈርም ብለውኛል። አንቺ ሕግ ታውቂያለሽ፣ ምን ትያለሽ?»

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ከባዱ ቦታ ይህ ነው። እሷ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ናት። ጋሼ ነገ ተቃራኒ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሠራተኛ ቅነሳ ጭቅጭቅ የወል የሥራ ክርክር ሆኖ ወሳኝ ቦርድ ፊት ሊቀርብ የሚችል ነገር ነው። «አይፈርሙ» ብትል ደንበኛዋን ከዳች። «ይፈርሙ» ብትል ሐሰተኛ ሰነድ ላይ እጇን አስገባች። ዝም ብትል ደግሞ ሽማግሌው ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው ሊፈርሙ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ነኝ፣ እርስዎን ማማከር አልችልም» አለቻቸው። «ማኅበሩ የራሱን ጠበቃ ይጠይቅ፣ ወይ ፌዴሬሽናችሁን፣ ወይ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑን፣ ኢሠማኮን። ሳይጠይቁ ግን ምንም ነገር ላይ አይቸኩሉ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መስመር ታልፋለች የሚል ባልደረባ ይኖራል። እኔ አታልፍም ባይ ነኝ፤ ሰውየው ሕግ ጠየቋት እንጂ ምስጢር አላወጣችላቸውም። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። እሷ ወዲያው ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጥታ ያ ቃለ ጉባኤ ከፋይል እንዲወጣ፣ ያልተደረገ ስብሰባ ተደረገ ብሎ መጻፍ የሠራተኛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ጉዳይ እንደሚሆን፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ድርጅት ራሱ ተከሳሽ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ነገረችው። ከዚያም የነገረችውን በግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፈችው።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር

ይህን ሁሉ ስትል የእሷ ዋስትና ምንድነው? ምንም ማለት ይቻላል። አዋጅ 1156 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። «የሥራ መሪ» የሚለው ትርጓሜ ደግሞ በራሱ አመዛዛኝነት ለአሠሪው የእርምጃ ሐሳብ የሚያቀርብ የሕግ አገልግሎት ኃላፊን ይጨምራል። እሷ ማለት ነው። የስፌት ኦፕሬተሯ ያላግባብ ብትባረር 180 ቀን፣ ወደ ሥራ መመለስ፣ የሥራ ክርክር ችሎት አላት። ነገረ ፈጇ ብትባረር የምትዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ እዚያ «መልሱኝ» የሚል ጥያቄ ብዙም አያዋጣም። ሌላውን ከአንቀጽ 27 ስትከላከል የከረመች ሰው ራሷ ያ አንቀጽ እንኳ የላትም። ይህንንም ታውቃለች፤ ማስታወሻውን ስትጽፍም ታውቅ ነበር።

የድርጅት ነገረ ፈጆች ለምን ቀድመው አይናገሩም ለሚለው ከማንም የተሻለ መልስ ይህ ይመስለኛል።

ሥራ አስኪያጁን ያንቀሳቀሰው

እውነቱን ለመናገር አንቀጽ 29 አልነበረም። ማስታወሻዋም አልነበረም። አንድ የጀርመን ገዢ የላከው መጠይቅ ነው።

ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች የአቅራቢዎቻቸውን የሰብዓዊ መብትና የሥራ ሁኔታ እንዲከታተሉ የሚያስገድድ የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ መጀመሪያ 3,000 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባላቸው ላይ፣ በዓመቱ ወደ 1,000 ወርዶ። የሐዋሳን ፋብሪካ ሕጉ በቀጥታ አይመለከተውም። ገዢውን ግን ይመለከተዋል፤ ገዢው ደግሞ ጭንቀቱን በመጠይቅ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ላከው። አንዱ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ባለፉት 12 ወራት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ፣ በምን ምክንያት፣ ማስረጃውን አያይዙ።

ነገረ ፈጇ ያንን ጥያቄ አስምራበት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «የመቅረት ማስረጃውን እንዳለ እናያይዝ?» ብላ ጠየቀችው። የአሜሪካው ትዕዛዝ ሄዷል፤ የቀረው የአውሮፓው ነው። ኦዲተር መጥቶ ያን ኤክሴል በላይንና በቀን ቢደረድረው እሷ ካየችው የተለየ አያይም።

ከዚህ በኋላ ስብሰባው ላይ ወንበር ተሰጣት። ከፎልደሩ በፊት መሰጠት የነበረበት ወንበር ነው።

ያደረጉት ነገር

መጀመሪያ የአቴንዳንስ መዝገቡ ታረመ። አይቲው «አጥፍተን እንደገና እንሙላው?» ሲል እሷ አይሆንም አለች፤ የድሮው ግቤት እንዳለ ሆኖ ከጎኑ «በድርጅቱ ትእዛዝ ሥራ ያልነበረበት ቀን» የሚል ማረሚያ፣ ያረመው ሰውና ቀኑ ተጽፎ ገባ። የእነዚያ ቀናት ደመወዝ ተከፈለ። ዋናው መሥሪያ ቤት አጉረመረመ፣ ግን ከፈለ።

ቀጥሎ ላይኖቹ ለሁለት ተከፈሉ። የአውሮፓ ትዕዛዝ ሊመጣላቸው የሚችሉት በአንቀጽ 18 በገንዘብ ችግር ምክንያት ውላቸው ለጊዜው ታገደ። ይህ መንገድ ከመጀመሪያውም ክፍት ነበር፤ የሚጠይቀው ምክንያቱ በተፈጠረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። በቃል «ስልክ እስክንደውል» ከማለት ይልቅ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍ ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። እገዳ ላይ ላለ ሠራተኛ የሚሰጥ የስንብት ማስጠንቀቂያ ፈራሽ ስለሆነ የሚቀነሰውንና የሚታገደውን አስቀድሞ መለየት ግድ ነበር።

ለተቀሩት ቅነሳ ሆነ፣ ጋሼና ማኅበሩ ባሉበት። የሰው ሀብት ክፍል የመጀመሪያ ዝርዝር በላይን የተሠራ ነበር፤ የቆመው ላይን በሙሉ ይውጣ የሚል። አዋጁ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ላለው ሠራተኛ መቆየት ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ከሁሉም በልጠው ተገኙ። የቆመው ላይን ውስጥ ኦቨርሎክም ፍላትሎክም የምትችል ልጅ አለች፣ በሚሠራው ላይን ውስጥ አንድ ማሽን ብቻ የምታውቅ አለች፤ የትኛዋ ትቅር? ማን ምን እንደሚችል ማሽኑን የሚጠግን ሰው ያህል የሚያውቅ አልነበረም። እኩል ሲሆኑ አጭር አገልግሎት ያላት፣ ጥገኛ ያነሰባት እየተባለ ተወረደ። አካል ጉዳተኞች፣ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ አራት ወር ያልሞላቸው መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ማኅበሩ ወደ እነሱ ሳንደርስ እንጨርስ አለ፣ እንደዚያው ሆነ።

ዋናው መሥሪያ ቤት በዚህ መሐል የነፍሰ ጡሮቹን ስም ዝርዝር ከሐኪም ወረቀታቸው ጋር በኢሜይል ላኩ አለ። በመለያ ቁጥር ብቻ ላከችላቸው። ያኔ የምትጠቅሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ነበር። ዛሬ ቢሆን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ አሁን ከጨዋነት አልፎ ግዴታ ያለበት ነገር ነው። እዚህ ከተማ ያሉ ብዙ የውጭ ድርጅቶች የሠራተኛ ፋይል አሁንም በተራ ኢሜይል እየላኩ ነው፤ ነገረ ፈጆቻቸው ቢያነቡት ጥሩ ነው።

ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ፣ ሲሰጥ ለየላይኑ በሲዳምኛና በወላይትኛ ጭምር ተነገረ። ክፍያው በሰባቱ የሥራ ቀን ውስጥ አለቀ። የጡረታ መዋጮ፣ 11 በመቶ የአሠሪው፣ 7 በመቶ የሠራተኛዋ፣ እስከ መጨረሻው ወር መግባቱ ታየ። የሥራ ልምድ ማስረጃም አብሮ ተሰጠ፤ ይህ ለልጆቹ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር፣ ፓርኩ ውስጥ ሌላ ፋብሪካ ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነውና።

ያመለጠው ፋይል

ሁሉም አልዳነም። ፎልደሩ እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት የአንድ ላይን ደብዳቤዎች ሳጥኗ ሳይነካ ወጥተው ነበር። እንዴት አለፉ ሲባል የሰው ሀብት ኃላፊው «አስቸኳይ ስለነበር በማኑዋል ነው ያስኬድነው» አለ። ከእነዚያ ልጆች ጥቂቶቹ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ መሠረቱ፤ ለዚህ ያላቸው ጊዜ ሦስት ወር ነው፣ ሳያልፍባቸው ደረሱ። እኔ ጉዳዩን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ስለ መልሱ ልታማክረኝ አሞራ ገደል ዓሣ ጋበዘችኝ።

እኔ የመከርኳት መታረቅን ነው። ያን ኤክሴል ራሷ የደረደረች ሰው ችሎት ቆማ «ቀርተዋል» ብላ ልትከራከር አትችልም፤ ብትከራከርም አንድ የምርት ክፍል ምስክር ሲጠየቅ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ እሺ አለ። ከሳሾቹም እሺ አሉ፦ ሁለቱ ወደ ሥራ ሊመለሱ፣ ሌሎቹ በቅነሳ ቢወጡ ያገኙት የነበረውን ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ሊወስዱ።

ታዲያ ስምምነቱን ለመፈረም ውክልናዋን ስናወጣው «ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ይግባኝ ለማለት» ይላል። «ለመታረቅ» የሚል የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ደግሞ ተወካይ ልዩ ውክልና ካልተሰጠው መታረቅ አይችልም። ሥራ አስኪያጁም ያለው ውክልና ይህን አይጨምርም፤ ሥልጣኑ ያለው እስያ ያለው ዳይሬክተር ጋ ነው። አዲሱ ውክልና እዚያ ተፈርሞ፣ እዚያ አገር ተረጋግጦ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም አልፎ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ደርሶ እስኪመጣ ችሎቱን ቀጠሮ ለመነች። ዳኛው ሰጧት፣ ሌላ ቀጠሮ እንደማይሰጡም ነገሯት። ውክልናው ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ሐዋሳ ገባ። ስምምነቱ በመዝገቡ ጸደቀ። ከሳሾቹ ገንዘባቸውን በባንክ ተቀበሉ። ተመላሾቹ ሁለቱ አሁን ከአውሮፓ ትዕዛዝ ላይኖች በአንዱ ላይ ናቸው። በማኑዋል ማስኬድ የሚባለውን ቀዳዳም ዋናው መሥሪያ ቤት ከሲስተሙ አጥፍቶታል።